የአልዛይመር የደም ምርመራ፦ የመርሳት በሽታ ዓይነቶችን ምን ያህል ይለያል?

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 2025 (ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.) የአልዛይመር በሽታን ለመመርመር የሚያግዝ የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ፈቅዷል። ምርመራው ሉሚፐልስ ይባላል፤ የሚያመርተውም ፉጂሬቢዮ የተባለው ኩባንያ ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ደግሞ የሮሽ ኩባንያ ኤሌክሲስ የተባለ ሌላ የደም ምርመራ ተፈቅዶለታል። ዜናው በብዙ ቋንቋ ተሰራጭቷል። አባት ወይም እናታቸው መርሳት የጀመሩባቸው ብዙ ሰዎችም «እንግዲያው ደም ተሰጥቶ ሕመሙ ይታወቃል ማለት ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ምርመራው አንድ ጥያቄ በደንብ ይመልሳል፤ ይኸውም «በአንጎል ውስጥ የአልዛይመር ምልክት የሆነው የአሚሎይድ ክምችት አለ ወይስ የለም?» የሚለው ነው። «ይህ ሰው የሚረሳው ለምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ግን ብቻውን አይመልስም። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ገንዘብዎን ከማዳን አልፎ ወላጅዎን ከተሳሳተ መድኃኒት ሊጠብቅ ይችላል። ከዚህ በታች ልዩነቱን ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዲሜንሺያ የአንድ በሽታ ስም አይደለም

በአማርኛ «የመርሳት በሽታ» ስንል ብዙ ጊዜ ዲሜንሺያንና አልዛይመርን አንድ አድርገን ነው። ነገር ግን ዲሜንሺያ የምልክቶች ስብስብ ስም ነው። ማስታወስ፣ ማሰብ፣ መናገር፣ አቅጣጫ ማወቅ ወይም ጠባይን መቆጣጠር ተዳክሞ ሰውዬው የዕለት ኑሮውን ብቻውን መምራት ሲያቅተው ዲሜንሺያ አለበት ይባላል። ሳል የጉንፋንም፣ የሳንባ ምችም፣ የቲቢም ምልክት ሊሆን እንደሚችል ሁሉ ዲሜንሺያም ከተለያዩ በሽታዎች ይመጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ዲሜንሺያ ነበረባቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች የሚከተሉት ናቸው።

• አልዛይመር፦ ከጠቅላላው ከ60 እስከ 70 በመቶ ድርሻ አለው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው የቅርብ ጊዜ ነገርን በመርሳት ነው። ሰውዬው የልጅነቱን ታሪክ አሳምሮ እያወራ ጠዋት የበላውን ላያስታውስ ይችላል።

• የደም ሥር (ቫስኩላር) ዲሜንሺያ፦ በስትሮክ ወይም ለረጅም ጊዜ ባልታከመ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ምክንያት የአንጎል የደም ሥሮች ሲጎዱ ይመጣል። የአስተሳሰብ ፍጥነት መቀነስ፣ የእግር እርምጃ መለወጥ፣ አንዳንዴም በድንገት ደረጃ እየወረዱ መሄድ ይታይበታል።

• ሌዊ ቦዲ ዲሜንሺያ፦ የሌለ ሰው ወይም እንስሳ ማየት፣ አንድ ቀን ንቁ ሆኖ በማግሥቱ መፍዘዝ፣ እንደ ፓርኪንሰን በሽታ የሰውነት መገተርና መንቀጥቀጥ፣ በእንቅልፍ ልብ ሕልምን እየኖሩ መጮህና መምታት ዋና ምልክቶቹ ናቸው።

• ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ፦ ብዙ ጊዜ ከ65 ዓመት በፊት ይጀምራል። መጀመሪያ የሚለወጠው የማስታወስ ችሎታ ሳይሆን ጠባይ ወይም ንግግር ነው። ጨዋ የነበረ ሰው ይሉኝታ ያጣል፤ አዛኝ የነበረው ግድ የለሽ ይሆናል፤ ወይም ቃላት ይጠፉበታል።

ቤተሰብ እነዚህን ሁሉ «እርጅና ነው»፣ «ጃጅተዋል» በሚል አንድ ቃል ሊጠቀልላቸው ይችላል። እርጅና ግን በራሱ ዲሜንሺያ አያመጣም፤ ዕድሜ ሲገፋ በሽታዎቹ የመከሰታቸው ዕድል ይጨምራል እንጂ።

«ጠቋሚ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ባዮማርከር ወይም ሥነ ሕይወታዊ ጠቋሚ ማለት በሰውነት ውስጥ ተለክቶ ስለ አንድ በሽታ መኖር ወይም መባባስ የሚናገር ነገር ነው። በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን የስኳር በሽታ ጠቋሚ ነው። የአንጎል በሽታዎች ግን ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለ ጠቋሚ አልነበራቸውም።

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 በሽታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገልጽ ያየው የሞተች ሕመምተኛውን አንጎል በአጉሊ መነጽር ተመልክቶ ነበር። ከዚያ በኋላም ለብዙ አሥርተ ዓመታት አልዛይመርን በእርግጠኝነት ማወቅ የሚቻለው ከሞት በኋላ በሚደረግ ምርመራ ብቻ ነበር። በሕይወት ላለ ሰው ሐኪሙ የሚሰጠው «አልዛይመር ሳይሆን አይቀርም» የሚል ግምት ነበር።

ሁኔታውን የለወጡት ሁለት ምርመራዎች ናቸው። አንደኛው ከጀርባ አከርካሪ በመርፌ የሚቀዳው ፈሳሽ ምርመራ ሲሆን፣ በፈሳሹ ውስጥ አሚሎይድና ታው የተባሉት ፕሮቲኖች ይለካሉ። ሁለተኛው በአንጎል ውስጥ የተከማቸውን አሚሎይድ በምስል የሚያሳየው ፔት ስካን ነው። ሁለቱም አስተማማኝ ናቸው። ነገር ግን ፔት ስካን እጅግ ውድ ነው፤ መሣሪያውም በጥቂት ከተሞች ብቻ ይገኛል። ከጀርባ ፈሳሽ መቀዳትን ደግሞ ብዙ ሰው ይፈራዋል።

የደም ምርመራው የመጣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። አንጎል ውስጥ አሚሎይድ ሲከማች ታው የተባለው ፕሮቲን ይለወጥና ጥቂቱ ወደ ደም ይወጣል። ይህ የተለወጠ ታው «ፒ-ታው 217» ይባላል። ሉሚፐልስ በደም ውስጥ ያለውን ፒ-ታው 217 ከአሚሎይድ ጋር አነጻጽሮ አንድ ቁጥር ያወጣል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ኤፍዲኤ ምርመራውን የፈቀደው የማሰብና የማስታወስ ችግር ካለባቸው ሰዎች የተወሰዱ 499 የደም ናሙናዎችን ውጤት አይቶ ነው። የደም ምርመራው «አለ» ካላቸው ሰዎች ውስጥ 91.7 በመቶዎቹ በፔት ስካን ወይም በአከርካሪ ፈሳሽ ሲታዩ በእርግጥም የአሚሎይድ ክምችት ነበራቸው። «የለም» ካላቸው ውስጥ ደግሞ 97.3 በመቶዎቹ አልነበራቸውም። ከጠቅላላው ከ20 በመቶ ያነሱት ውጤታቸው ወደ አንዱም ሳያጋድል በመሀል ቀርቷል፤ እነዚህ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል።

ይህ ለደም ምርመራ ትልቅ ስኬት ነው። ሆኖም እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት ምልክት ታይቶባቸው ከነበሩ ሰዎች መሆኑን ልብ ይበሉ። ምርመራው ምልክት በሌለው ሰው ላይ ቢደረግ ውጤቱ ሌላ ነው። ለምን እንደሆነ በምሳሌ እንየው።

አንድ የደም ምርመራ አለ እንበል። አሚሎይድ ካለባቸው 100 ሰዎች 90ዎቹን በትክክል ያገኛል፤ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ 90ዎቹን በትክክል «ነጻ ናችሁ» ይላል።

በመጀመሪያ ምርመራውን በመርሳት ችግር ሐኪም ዘንድ ለመጡ 100 ሰዎች እናድርገው፤ ከእነርሱም 60ዎቹ አሚሎይድ አለባቸው እንበል። ምርመራው ከ60ዎቹ 54ቱን ያገኛል። ከቀሩት 40 ጤነኞች ደግሞ አራቱን በስህተት «አለባችሁ» ይላቸዋል። «አለባችሁ» ከተባሉት 58 ሰዎች 54ቱ በእርግጥ አለባቸው፤ ይህም 93 በመቶ ያህል ነው።

አሁን ደግሞ ያንኑ ምርመራ ምንም ምልክት ለሌላቸው 100 ሰዎች እናድርግ፤ ከእነርሱም አሚሎይድ ያለባቸው 10 ብቻ ናቸው እንበል። ምርመራው ከ10ሩ ዘጠኙን ያገኛል። ከቀሩት 90 ሰዎች ግን ዘጠኙን በስህተት «አለባችሁ» ይላቸዋል። «አለባችሁ» ከተባሉት 18 ሰዎች ግማሾቹ በከንቱ ይጨነቃሉ ማለት ነው። ምርመራው አልተለወጠም፤ የተለወጡት የተመረመሩት ሰዎች ናቸው።

ሁለቱም ምርመራዎች የተፈቀዱት ምልክት ለታየባቸው ሰዎች ብቻ የሆነው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ኤፍዲኤም ውጤቱ ከሌሎች ምርመራዎችና ከሕመምተኛው ሁኔታ ጋር ተገናዝቦ እንዲታይ ያዛል። ጤነኛ ሆነው ሳለ «ወደፊት ይይዘኝ ይሆን?» ብለው ለመመርመር ካሰቡ ምርመራው ለዚያ ዓላማ የተዘጋጀ አይደለም።

«አለ» ማለት «ምክንያቱ ይኸው ነው» ማለት አይደለም

በአንጎላቸው ውስጥ አሚሎይድ እያለ ምንም የማይረሱ ብዙ አረጋውያን አሉ። በ2015 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው አእምሯቸው ጤናማ ከሆነ ሰዎች መካከል አሚሎይድ የሚገኝባቸው በ50 ዓመት ዕድሜ 10 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በ90 ዓመት ዕድሜ 44 በመቶ ይደርሳሉ።

ይህ ማለት የ85 ዓመት እናትዎ ደም ተመርምሮ አሚሎይድ ቢገኝ እንኳ ለመርሳታቸው ዋናው ምክንያት ሌላ ሊሆን ይችላል። ተደጋጋሚ ትንንሽ ስትሮክ፣ ሌዊ ቦዲ፣ ድብርት ወይም የሚወስዱት መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም በአረጋውያን ዘንድ ሁለትና ሦስት በሽታ ተደርቦ መገኘቱ የተለመደ ነው። ከሞት በኋላ በተመረመሩ አረጋውያን አንጎል ላይ የተደረጉ ጥናቶች አልዛይመር ብቻውን ከሚገኝበት ይልቅ ከደም ሥር ጉዳት ወይም ከሌዊ ቦዲ ጋር ተደባልቆ የሚገኝበት ጊዜ እንደሚበዛ አሳይተዋል።

የደሙ ቁጥር በሌሎች ምክንያቶችም ሊዛባ ይችላል። የኩላሊት ሥራ ሲዳከም ፒ-ታው በደም ውስጥ ይጨምራል። ስለዚህ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው አልዛይመር ሳይኖርበት ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ከፍተኛ የሰውነት ክብደት ደግሞ በተቃራኒው ቁጥሩን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ኩላሊትን የሚጎዱ በመሆናቸው ይህ ብዙ ቤተሰብን የሚመለከት ጉዳይ ነው። ምርመራውን ለሚያዝዘው ሐኪም የኩላሊት ችግር መኖሩን መንገር አይርሱ።

ሌሎቹን ዓይነቶች ለመለየት ምን አለ?

የአልዛይመር ጠቋሚዎች ከሌሎቹ ቀድመው ሄደዋል። ለሌሎቹ ያለው የሚከተለው ነው።

ሌዊ ቦዲ ዲሜንሺያ

በሽታው አልፋ-ሳይኑክሊን የተባለ ፕሮቲን በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ሲከማች የሚመጣ ነው። ዛሬ ይህን ፕሮቲን ከአከርካሪ በሚቀዳ ፈሳሽ ውስጥ በማባዛት የሚያሳይ ምርመራ አለ። ከቆዳ በሚወሰድ ትንሽ ናሙናም ማየት ተችሏል። በ2024 የወጣ አንድ ጥናት ሌዊ ቦዲ ዲሜንሺያ ካለባቸው ሰዎች 96 በመቶዎቹ ቆዳ ላይ ፕሮቲኑን ሲያገኝ፣ ከጤነኞቹ ግን በ3.3 በመቶዎቹ ላይ ብቻ አግኝቷል። ከዚህ ሌላ ዳት ስካን የተባለው የአንጎል ምስል አለ፤ ኤፍዲኤ ለሌዊ ቦዲ እንዲውል የፈቀደው በ2022 ነው። በአንጻሩ እንደ ፒ-ታው 217 በቀላሉ ከደም የሚለካ የሌዊ ቦዲ ጠቋሚ ለዕለት ሕክምና ገና አልደረሰም።

ይህን ዓይነት አለመለየት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የታዋቂው ተዋናይ ሮቢን ዊልያምስ ታሪክ ያሳያል። በ2014 ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት ፓርኪንሰን እንዳለበት ተነግሮት ነበር። በአንጎሉ ውስጥ በሰፊው የተሰራጨ የሌዊ ቦዲ በሽታ እንደነበረ የታወቀው ከሞተ በኋላ በተደረገ ምርመራ ነው።

ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ

እስካሁን የራሱ የሆነ አንድ የደም ጠቋሚ የለውም። በደም ውስጥ የሚለካው ኒውሮፊላመንት የተባለ ፕሮቲን የነርቭ ሕዋሳት እየተጎዱ መሆኑን ይናገራል፤ በዚህ በሽታ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ስለዚህ የጠባይ ለውጡ የመጣው ከአእምሮ ሕመም ነው ወይስ ከአንጎል መጎዳት የሚለውን ለመለየት ይረዳል። ነገር ግን ስትሮክና ሌሎች የነርቭ በሽታዎችም ይህን ፕሮቲን ይጨምሩታል። በቤተሰብ የሚተላለፍ ሲሆን ደግሞ የዘረ መል ምርመራ ሊያረጋግጠው ይችላል። ተዋናዩ ብሩስ ዊሊስ በ2022 የንግግር ችግር ገጥሞት ከሥራው ሲርቅ፣ ቤተሰቡ ምክንያቱ ይህ ዓይነት ዲሜንሺያ መሆኑን ያሳወቀው በቀጣዩ ዓመት ነው። ሕመሙ ስሙ እስኪታወቅ ጊዜ መውሰዱ የተለመደ ነው።

የደም ሥር ዲሜንሺያ

ይህን የሚያሳየው የደም ምርመራ ሳይሆን የአንጎል ምስል ነው። ኤም አር አይ ትንንሽ ስትሮኮችንና የተጎዱ የደም ሥሮችን አጉልቶ ያሳያል፤ ሲቲ ስካንም ትልልቆቹን ይለያል።

በፍጥነት የሚብስ ዲሜንሺያ

በወራት ሳይሆን በሳምንታት ውስጥ የሚብስ የመርሳት ችግር የተለየ ነው። እንደ ክሮይትዝፌልት-ጃኮብ ያለ ብርቅዬ በሽታ ወይም ሊታከም የሚችል የአንጎል ብግነት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ልዩነቱን ማወቅ ምን ይጠቅማል?

«ለማንኛውም መድኃኒት የለውም፤ ስሙን ማወቅ ምን ይፈይዳል?» የሚል ሰው ይኖራል። ቢያንስ አራት ጥቅሞች አሉት።

አንደኛ፣ የሚጎዳ መድኃኒትን ለማስቀረት ነው። በሌዊ ቦዲ የታመሙ አባት ቤት ውስጥ የሌሉ ልጆች ይታዩዋቸዋል እንበል። ቤተሰብ የመንፈስ ጉዳይ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ እንደ ሃሎፔሪዶል ያለ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ሊታዘዝላቸው ይችላል። የሌዊ ቦዲ ሕመምተኞች ለዚህ ዓይነት መድኃኒት ከመጠን በላይ ስሱ ናቸው። ሰውነታቸው ሊገተር፣ መዋጥ ሊያቅታቸው፣ ራሳቸውን ሊስቱ፣ አንዳንዴም ሊሞቱ ይችላሉ። ስለዚህ የሌለ ነገር ማየት፣ የሰውነት መገተርና በእንቅልፍ ልብ መጮህ አብረው ከታዩ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ሦስቱንም ለሐኪሙ ይንገሩ። ይህን ለመናገር ምንም የደም ምርመራ አያስፈልግዎትም።

ሁለተኛ፣ የሚረዳውን መድኃኒት ለመምረጥ ነው። ዶኔፔዚል የተባለው መድኃኒት ለአልዛይመርና ለሌዊ ቦዲ ሕመምተኞች በመጠኑ ይረዳል። በፍሮንቶቴምፖራል ግን ጥቅም እንዳለው አልታየም፤ የጠባይ ችግሩንም ሊያባብስ ይችላል። ለደም ሥር ዲሜንሺያ ዋናው ሕክምና ቀጣዩን ስትሮክ መከላከል ነው፤ ማለትም የደም ግፊትን፣ ስኳርንና ኮሌስትሮልን መቆጣጠርና ሲጋራ ማቆም።

ሦስተኛ፣ አዲሶቹ የአልዛይመር መድኃኒቶች የሚሰጡት አሚሎይድ መኖሩ ለተረጋገጠለት ሰው ብቻ ነው። ሌካኔማብ በ2023፣ ዶናኔማብ በ2024 በአሜሪካ ተፈቅደዋል። ሁለቱም በሽታው ገና ሲጀምር ብቻ የሚሠሩ ናቸው። ሌካኔማብ 1,795 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት በ18 ወር ውስጥ የበሽታውን መባባስ በ27 በመቶ አዘግይቷል። በ18 ነጥብ መለኪያ ሲታይ ግን ልዩነቱ ግማሽ ነጥብ እንኳ አይሞላም። መድኃኒቱ አያድንም፤ የጠፋውንም ትውስታ አይመልስም። ከወሰዱት ሰዎች 12.6 በመቶዎቹ ላይ በምስል የታየ የአንጎል ማበጥ ስለተገኘ በተደጋጋሚ ኤም አር አይ መነሣት ግድ ነው። በአሜሪካ ሲጀምር ዋጋው በዓመት 26,500 ዶላር ነበር።

አራተኛ፣ ለቤተሰብ ነው። «ሆን ብለው ነው»፣ «ጠባያቸው ተበላሸ» ተብለው የተወቀሱ አባት በሽታቸው ሲታወቅ ወቀሳው ይቀራል። በዘር የሚተላለፍ ከሆነም ልጆች ምክር የሚያገኙበት መንገድ ይከፈታል።

ከውዱ ምርመራ በፊት መደረግ ያለበት

ከሁሉ የሚያሳዝነው ሊድን የሚችል ሰው «አልዛይመር ነው» ተብሎ ሲተው ነው። የሚከተሉት ችግሮች ዲሜንሺያ መስለው ሊታዩ ይችላሉ፤ አብዛኞቹም ይታከማሉ።

• የቫይታሚን ቢ12 እጥረት
• የታይሮይድ (የእንቅርት) ዕጢ ሥራ መዳከም
• ድብርት፦ በተለይ የትዳር ጓደኛ ከሞተ በኋላ
• ኤች አይ ቪና ቂጥኝ፦ ሁለቱም አንጎልን ሊያጠቁ ይችላሉ፤ «በዚህ ዕድሜያቸው?» ብሎ ምርመራውን መተው አይገባም
• ከመውደቅ በኋላ ከራስ ቅል ሥር ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም፦ አረጋውያን ላይ ቀላል የመሰለ ምት እንኳ ከሳምንታት በኋላ ሊያመጣው ይችላል
• በአንጎል ክፍተቶች ውስጥ የፈሳሽ መብዛት፦ የእርምጃ መበላሸት፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻልና መርሳት አብረው ሲታዩ
• መድኃኒቶች፦ ለምሳሌ አሚትሪፕቲሊን፣ የእንቅልፍ ኪኒኖች፣ አንዳንድ የአለርጂ መድኃኒቶች
• የአልኮል መጠጥ ማብዛትና የቫይታሚን ቢ1 እጥረት
• የመስማትና የማየት ችግር፦ ያልሰሙትን ነገር «ረሱት» ማለት ቀላል ነው
• የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፦ በቀናት ውስጥ በድንገት መደነጋገር ከመጣ

ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚታወቁት በጥያቄ፣ በአካል ምርመራና በተለመደ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው፤ ሲቲ ስካን ወይም ኤም አር አይ ደግሞ የቀሩትን ያሳያል። የፒ-ታው ምርመራ በቅርብዎ ባይገኝ እንኳ ይህን ማድረግ ይቻላል። ምርመራው በሚገኝበት አገር ለሚኖሩም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ወላጅዎን ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ አምጥተው ለማስመርመር ካሰቡ በቅድሚያ እነዚህ ምርመራዎች እዚያው አገር ቤት መደረጋቸውን ያረጋግጡ። የቢ12 እጥረት አውሮፕላን አያሳፍርም። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነም መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡና ምርመራው እንዳይዘገይ ያድርጉ።

ቁጥሮቹ ለአፍሪካውያንም ይሠራሉ?

ይህ መነሣት ያለበት ጥያቄ ነው። የአልዛይመር ጠቋሚዎች በብዛት የተጠኑት በአውሮፓና በአሜሪካ በሚኖሩ ነጮች ላይ ነው። በ2022 በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የተወሰኑ የደም ጠቋሚዎች (ከእነርሱም አንዱ ፒ-ታው 181 ነው) በጥቁር አሜሪካውያንና በነጮች ላይ እኩል አስተማማኝ ሆነው አልተገኙም። የአሚሎይድ ሬሾ ግን የተሻለ ወጥነት አሳይቷል። እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚያመጣው የቆዳ ቀለም ሳይሆን እንደ ኩላሊት ሕመም ያሉ አብረው የሚኖሩ በሽታዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

የዘር ጠቋሚዎችም ቢሆኑ በየሕዝቡ አንድ ዓይነት ትርጉም የላቸውም። ከ1992 ጀምሮ በናይጄሪያዋ ኢባዳንና በአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ የተካሄደው ረጅም ጥናት ይህን አሳይቷል። በአልዛይመር የሚያዙ ሰዎች ቁጥር በኢባዳን ከኢንዲያናፖሊስ ጥቁር አሜሪካውያን ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በታች ነበር። በሌሎች አገሮች የአልዛይመርን አደጋ በእጅጉ የሚጨምረው አፖ-ኢ4 የተባለው ዘረ መል በኢባዳን ያሳየው ተጽእኖም ደካማ ነበር። ስለዚህ «የዘረ መል ምርመራዬ አፖ-ኢ4 አለብህ አለኝ» ብሎ የሚጨነቅ አፍሪካዊ፣ ያነበበው የአደጋ መጠን ከሌላ ሕዝብ የተወሰደ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ይህ ማለት ምርመራው ለእኛ አይሠራም ማለት አይደለም። ውጤቱን የሚተረጉመው ሐኪም ሙሉ የጤና ታሪክዎን ሳያይ ቁጥሩን ብቻ ይዞ መደምደም የለበትም ማለት ነው።

እርስዎ ምን ያድርጉ?

ወላጅዎ ወይም የትዳር ጓደኛዎ መርሳት ከጀመሩ ሐኪም ዘንድ ከመሄድዎ በፊት እነዚህን ይጻፉ።

• መጀመሪያ የተለወጠው ምንድን ነው? ማስታወስ፣ ጠባይ፣ ንግግር፣ እርምጃ ወይስ እንቅልፍ?
• መቼ ጀመረ? ቀስ በቀስ ነው ወይስ በድንገት?
• የሌለ ነገር ያያሉ? በእንቅልፍ ልብ ይጮኻሉ ወይም ይመታሉ?
• ወድቀው ያውቃሉ? ጭንቅላታቸውን ተመትተዋል?
• የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ሁሉ፤ የባህል መድኃኒትና ያለ ማዘዣ የተገዛም ቢሆን

አብሯቸው የሚኖር ሰው አብሮ ይሂድ። ለሠለጠነ ሐኪም ይህ ዝርዝር ከብዙ ምርመራዎች የበለጠ ይናገራል፤ የዲሜንሺያ ዓይነቶች በመጀመሪያ የሚለዩትም አሁንም በዚሁ መንገድ ነው።

የደም ምርመራው ከቀረበልዎት ደግሞ እነዚህን ይጠይቁ።

• ሊታከሙ የሚችሉት ምክንያቶች ታይተው አልቀዋል?
• ውጤቱ «አለ» ወይም «የለም» ቢል በሕክምናው ላይ ምን ይለወጣል?
• የኩላሊት ሥራ ተለክቷል?
• ውጤቱ በመሀል ቢቀር ቀጣዩ እርምጃ ምንድን ነው?

ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ «ምንም አይለወጥም» ከሆነ ምርመራውን ማቆየት ይቻላል። በሌላ በኩል አዲሶቹ መድኃኒቶች ለሚታሰቡለት ሰው፣ ወይም በ50ዎቹ ዕድሜ ላይ ሆኖ ሥራ መሥራት ያቃተው ሰው ምክንያቱን ለማወቅ ምርመራው ብዙ ሊረዳ ይችላል። «የለም» የሚለው ውጤትም ጠቃሚ ነው፤ ሐኪሙ አልዛይመርን ትቶ ሌላ ምክንያት እንዲፈልግ ይመራዋል።

ለወደፊቱስ?

ተመራማሪዎች አሁን የሚሠሩት ለሌዊ ቦዲና ለፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያም ከደም የሚለካ ጠቋሚ ለማግኘት ነው። ያ ሲሳካ በአንድ የደም ናሙና ብዙዎቹን ዓይነቶች መለየት ይቻል ይሆናል። እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለውን መጠቀም ይገባናል። በላንሴት መጽሔት በኩል የተቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ካለው ዲሜንሺያ 45 በመቶ ያህሉ ከ14 ሊስተካከሉ ከሚችሉ አደጋዎች ጋር የተያያዘ ነው። ከእነዚህም ውስጥ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የመስማት ችግር፣ ሲጋራ፣ የአካል እንቅስቃሴ ማነስ፣ ድብርትና ብቸኝነት ይገኛሉ። የደም ግፊትን መለካት ለአልዛይመር ደም ከመስጠት ይልቅ ርካሽ ነው፤ ዛሬም በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ማድረግ ይችላሉ።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ዕውቀት የቀረበ እንጂ የሐኪምን ምርመራ የሚተካ አይደለም። የታዘዘ መድኃኒትን ሐኪም ሳያማክሩ አያቁሙ። በድንገት የመጣ መደነጋገር፣ የአንድ ጎን ሰውነት መድከም፣ የንግግር መጥፋት ወይም ከውድቀት በኋላ የመጣ ከባድ ራስ ምታት ካለ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል ይሂዱ።